ለሙሽራ የተቀመመ፣ ለሕፃን ያልታሰበ፦ የካርቱም የሽቶ ዘይት ታሪክ

ከጎንደር ወደ መተማ፣ ከመተማ ወደ ገላባት የሚወርደው መንገድ ከጥንት ጀምሮ መዓዛ የሚሄድበት መንገድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አባቶቻችን ከጥርኝ የሚገኘውን ዝባድ በከብት ቀንድ አሽገው በዚሁ መንገድ ወደ ሱዳን ያወርዱ ነበር። በሌላ በኩል የህንድ ሰንደልና የዛንዚባር ቅርንፉድ በሱዋኪን ወደብ ገብተው የዓባይን ዳር ከተሞች ይደርሱ ነበር። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ወደቁ። ጦርነቱ አለፈ፣ ድንበሩ ተሠመረ፣ ነጋዴው ግን ወደ መንገዱ ተመለሰ። እኛ የዚያ መንገድ ልጆች ነን። እኛ ቅርንፉድ የምንለውን እነሱ ጉሩንፉል ይሉታል። ዕቃው አንድ ነው።

ይህን ታሪክ ዛሬ ያነሳነው በምክንያት ነው። የሽቶ ዘይት ስንሸጥ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አለ፦ «ለልጅም ይሆናል?» የሚል። መልሱን ለማግኘት እነዚህ ዘይቶች መጀመሪያ ለማን እንደተሠሩ መመለስ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባሉ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርቱምን በ1821 የግብፅ ጦር የሰፈረባት ቦታ አድርገን እናውቃታለን። ኦምዱርማን ደግሞ ከ1885 እስከ 1898 የመህዲያ መንግሥት መናገሻ ነበረች። ባቡሩ መጥቶ፣ ቀጥሎም ፖርት ሱዳን በ1909 ሲመረቅ፣ የህንድና የአውሮፓ ዕቃ በብዛት ወደ ኦምዱርማን ገበያ ገባ። የሱዳን ሴቶች ግን ከውጭ የመጣውን እንዳለ አልተቀቡትም። በየቤታቸው ቀመሙት። ሰንደል፣ ቅርንፉድ፣ መህለብና ምስክ ተወቅጠውና ተደባልቀው፣ ተዘግተው ከርመው ኹምራ ሆኑ። የማሽላ ዱቄት ከነዚሁ ቅመሞች ጋር ተቦክቶና በጢስ ታጥኖ ገላ የሚታሽበት ድልካ ሆነ። ካርካር የሚባለው ቅባት ለጠጉርና ለገላ ሆነ። የጠልህ እንጨት ጢስ ደግሞ ድኻን የተባለው የጢስ መታጠቢያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ነገር አለ። ይህ ሁሉ በሱዳን ባህል ያገባች ሴት ነገር ነው። ኹምራና ድኻን ከሠርግ ጋር ይጀምራሉ። ያላገባች ልጃገረድ እንደ ሙሽራ አትታጠንም። ቀማሚዋ በዕድሜ የበሰለች እናት ወይም አክስት ናት። ለማን፣ መቼና ምን ያህል እንደሚቀባ የምታውቀው እሷ ናት። የታተመ ወረቀት አልነበረም፤ የዘይቱ መለያ ሴትየዋ ራሷ ነበረች።

ለሕፃኑስ? ለሕፃኑ የተለየ ነገር ነበረ። ሱዳን የሰሊጥ አገር ናት። በግመል በሚዞር መጭመቂያ የወጣ ንጹሕ የሰሊጥ ዘይት የሕፃኑን ገላ ለማሸት ይውላል። በእኛም አገር አራስ ቤት ቅቤ አለ። ሐኪሞች እትብት ላይ እንዳይቀባ ያስጠነቅቃሉ፣ ለገላ ማሻ ግን ከጥንት የኖረ ነው። ሰሊጡም ቅቤውም የሚበላ ቅባት ነው። በሁለቱም አገር የሕፃኑ ቅባት ከኩሽና፣ የሙሽራዋ ዘይት ከሽቶ ሣጥን ይመጣ ነበር። ሁለቱ ዕቃዎች አይገናኙም ነበር።

መገናኘት የጀመሩት ሽቶ በጠርሙስ ሲገባ ነው። በ1920 ገደማ ኤሪክ በርጀስ የተባለ እንግሊዛዊ፣ የለንደኑ ደብልዩ ጄ ቡሽ ኩባንያ ወኪል ሆኖ ካርቱም ውስጥ ይሠራ ነበር። የአገሬው ሰዎች ባመጡለት መዓዛ መነሻነት ቢንት አል-ሱዳን የሚባለው ሽቶ ተሠራ። የሱዳን ልጃገረድ ሥዕል ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ነው። አልኮል የለውም፣ ዘይት ነው። ስለዚህ ሙስሊሙም ሳይቸገር ይቀባዋል፣ በነጋዴ ሻንጣም ሩቅ ይጓዛል። ከካርቱም ተነሥቶ በአፍሪካ ገበያዎች ሁሉ ታወቀ። ከኢትዮጵያ ሴቶችም ስሙን የማያውቁ ጥቂት ናቸው።

እኛ ነጋዴዎች ይህን ታሪክ በኩራት እናነሣለን፤ መኩራትም ይገባናል። ግን ያ ጠርሙስ አንድ ነገር ለወጠ። ቀማሚዋ እናት ከዘይቱ ጋር መጓዝ አልቻለችም። ዘይቱ መተማ ሲደርስ፣ አዲስ አበባ ሲገባ፣ «ይህ የትልቅ ሰው ነው» የምትል ሴት አብራው የለችም። ጠርሙሱ ላይ ያለው ሥዕል ደግሞ ዕድሜ አይናገርም።

የሽቶ ዘይትና የምግብ ዘይት በአማርኛም በዓረብኛም «ዘይት» ይባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የሰሊጥ ዘይት ተጨምቆ የሚወጣ ቅባት ነው። የሽቶ ዘይት ግን ከአበባ፣ ከቅጠል ወይም ከእንጨት አብዛኛውን ጊዜ በእንፋሎት የሚወጣ፣ የተክሉ ኃይል ተጠራቅሞ የተቀመጠበት ፈሳሽ ነው። ቅርንፉድን እንውሰድ። ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው የሽቶ ዘይት ነው፤ የዚያ ዘይት አብዛኛው ክፍል ደግሞ ዩጀኖል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ጥርስ ሲያመን የሚያደነዝዘን እሱ ነው። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ሁለት ፍሬ ቅርንፉድና አንድ ብልቃጥ የቅርንፉድ ዘይት የሚለያዩት በመጠን ብቻ ሊመስለን ይችላል። ለሕፃን ሰውነት ግን የሞትና የሕይወት ያህል ይለያያሉ። በ1993 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጉዳይ አለ። የ2 ዓመት ልጅ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር የቅርንፉድ ዘይት ጠጥቶ ራሱን ሳተ፣ ጉበቱም ተጎዳ። በብዙ ሕክምና ተረፈ። 5 ሚሊ ሊትር ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ነው።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። በማሻሻ ቅባቶች ውስጥ የሚገባው የዊንተርግሪን ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያው ከ20 በላይ የአስፕሪን ክኒን ያህል መድኃኒት ይዟል። ካፉር፣ ማለትም ካምፎር፣ በልጅ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ያስነሣል። አሜሪካ ውስጥ ካፉር የተቀላቀለበት ዘይት ለብዙ ዘመን በየቤቱ ነበር። እናቶች በስሕተት ከጉሎ ዘይት ጋር እያምታቱ ለልጅ ስላጠጡት በ1982 ከገበያ እንዲወጣ ተደረገ። ደረት ላይ የሚቀቡት የካፉር፣ የሜንቶልና የባሕር ዛፍ ቅባቶችም ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንደማይሆኑ ሣጥናቸው ላይ ተጽፏል። ሣጥኑ ተጥሎ ብልቃጡ ብቻ ሲሸጥ ግን ማን ያነባል?

መቀባትም ከመጠጣት ሙሉ በሙሉ የተለየ አይደለም። የሕፃን ቆዳ ከእኛ ቆዳ ይሳሳል። ከክብደቱ አንጻር ሲታይም የቆዳው ስፋት ከትልቅ ሰው ከ2 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ለእኛ ትንሽ የሆነው ለእሱ ብዙ ነው። ከዚያም እጁን ይልሳል፣ ዓይኑን ያሻል። «የአገር ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚለውም አያስኬድም። ጤና አዳማችን እንኳ የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለው። ዘይቱ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ይህን ሁሉ ስንል ፍርሃት ለመዝራት አይደለም። በ2007 ላቬንደርና ቲ ትሪ የተባሉ ዘይቶች ያሉባቸውን ሳሙናና ቅባቶች የተጠቀሙ 3 ወንዶች ልጆች ጡታቸው እንዳደገ፣ ሲያቆሙም እንደተመለሰ አሜሪካ ውስጥ ተጻፈ። ወሬው ዓለምን ዞረ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን በዚያ ላይ አልተስማሙም። ስለዚህ የሰማነውን ሁሉ ለደንበኛ አንነግርም፤ በደንብ የታወቀው ራሱ በቂ ነው።

ካርቱም የራሷ መራራ ትምህርት አላት። እሱ የሽቶ ዘይት ሳይሆን የሒና ነገር ነው፣ መንገዱ ግን አንድ ነው። ሒና ቅጠል ነው፣ ለዘመናት ሴቶችን አስጊጧል። በኋላ ቶሎ እንዲጠቁር ተብሎ «ሐጀር»፣ ድንጋይ፣ የሚሉት የፋብሪካ ቀለም ተጨመረበት። ስሙ ፓራ-ፌኒሊን-ዳያሚን ነው። በትንሽ በትንሹ ተቋጥሮ፣ ያለ ስምና ያለ ማስጠንቀቂያ ከሽቶውና ከቅመሙ ጎን ተሸጠ። በ1992 የካርቱም ሐኪሞች በ10 ዓመት ውስጥ ያዩአቸውን 31 የተመረዙ ልጆች ታሪክ አሳተሙ። ፊትና አንገታቸው አብጦ የብዙዎቹ ጉሮሮ ለመተንፈስ በቀዶ ጥገና መከፈት ነበረበት። 13ቱ በደረሱ በ24 ሰዓት ውስጥ ሞቱ። ያ ቀለም ለሴቶች ጌጥ ተብሎ ወደ ቤት የገባ ነበር። ልጆች እጅ ሲገባ አደገኛ ነው ብሎ የሚነግር ወረቀት አልነበረውም።

በሌላው ዓለም ወረቀቱ በሕግ መጣ። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 አለርጂ የሚያስነሱ 26 የሽቶ ንጥረ ነገሮች በመዋቢያ ዕቃ ላይ በስማቸው እንዲጻፉ አዘዘ። ሳይታጠብ ቆዳ ላይ በሚቀር ቅባት ውስጥ ከመቶ 0.001 ካለፉ መጻፍ ግዴታ ነው። ዩጀኖል፣ ሊናሉል፣ ሊሞኔን፣ ጄራኒዮል የሚሉትን ስሞች በሕፃን ሎሽን ጀርባ የምናገኛቸው ለዚህ ነው። በእኛም በኩል አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያን በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አስገብቷል። በሱዳንም የደረጃዎችና ሥነ ልክ ድርጅት አለ።

ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው የታሸገውን ዕቃ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ሲጀመር ገበያው ተበተነ። ከእኛ አንዳንዶቹ ገዳሪፍ፣ ሌሎቹ ፖርት ሱዳን፣ የቀሩት መተማ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የሽቶ ዘይት በጀሪካን ይመጣል፣ በትንንሽ ብልቃጥ ይቀዳል። በዚህ መካከል ወረቀቱ ይጠፋል። የሕፃን ሥዕል ያለበት ወረቀት የሚለጥፍም አይጠፋም፣ ሥዕሉ ያሸጣልና። ኮሜርስ ገብተን ሒሳብ መዝገብ የተማርን ሰዎች የዚህን ትርፍ ማስላት አያቅተንም። አንድ ልጅ ቢጎዳ የሚጠፋውን ስም ግን የምንመዘግብበት ዓምድ የለንም።

እንግዲህ የድሮዋ ቀማሚ ከዘይቱ ጋር የለችም፣ ወረቀቱም መንገድ ላይ ወድቋል። የቀረነው እኛ ነን። ስለዚህ የተስማማንባቸውን ነገሮች እዚህ እናስቀምጣለን።

የሰንደል፣ የቅርንፉድ፣ የካፉር፣ የባሕር ዛፍ ዘይትና ኹምራን ለሕፃን ብላ ለምትጠይቅ እናት አንሸጥም። ለራሷ ከሆነ ትውሰድ፣ ልጁ እጅ የማይደርስበት ቦታ ታስቀምጥ፣ ከማጥባቷ በፊትም ጡቷንና እጇን ትታጠብ። ለልጅ የምትፈልግ ከሆነ ሽታ የሌለው ንጹሕ ዘይት እናሳያታለን። ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናትን በንጹሕ የሱፍ ዘይት መቀባት ኢንፌክሽን እንደቀነሰላቸው በ2004 ከካይሮ የወጣ ጥናት አሳይቷል። ትርፉ ከሰንደል ያንሳል፣ ደንበኛዋ ግን ትመለሳለች። በሕፃን ቅባት ላይ «ተፈጥሯዊ» የሚል ቃል ብቻ ካለና የይዘቱ ዝርዝር ከሌለ አንረከብም።

ልጅ ጠጥቶ ከተገኘ ደግሞ በግድ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ይገባል። ብልቃጡን ይዛችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት ሩጡ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ጠጣ?» ብሎ ነው፤ መልሱ ብልቃጡ ላይ መገኘት አለበት።

ለዚህም ነው ከጀሪካን በምንቀዳው እያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ የዘይቱን ስምና አንድ መስመር በሁለቱም ቋንቋ የምንጽፈው፦ «ለትልቅ ሰው ብቻ፣ ለሕፃን አይሆንም»። ለጎረቤቶቻችንም «ሊል-ኪባር ፈቀጥ»። ቀለሙ በዘይት የማይለቅ ይሁን።