የላንድሮቨር የነዳጅ ጠቋሚ በወላይታ መንገድ

በ1962 ዓ.ም. የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለመደው አጠራሩ ዋዱ፣ በዓለም ባንክ ብድር በሶዶ ሲቋቋም ሥራው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ካለው ደጋ እስከ አበላና በሌ ቆላማ የሰፈራ ጣቢያዎች የተዘረጋ ነበር። በዚያ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ለመስክ ሥራ ከሚታወቁት መኪናዎች አንዱ የእንግሊዙ ላንድሮቨር ነው። ስለ ሞተሩና ስለ ሻንሲው ጽናት ብዙ ተብሏልና አልደግመውም። እኔን የሚያሳስበኝ በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ የነዳጅ ጠቋሚ ናት።

ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ለዕይታ ሲቀርብ ጠቋሚዎቹ የተተከሉት ከመሪው ፊት ሳይሆን በዳሽቦርዱ መካከል ነበር። ይህ አቀማመጥ ለግራም ሆነ ለቀኝ መሪ እኩል ያገለግላል። አገራችን ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ስትሻገር ከመኪና ክፍሎች ሁሉ ምንም ያልተናጋ ቢኖር ይኸው የመካከል ሰሌዳ ሳይሆን አይቀርም። ሰሌዳው ወደ ሾፌሩ ፊት የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው በሲሪዝ ስሪ ነው።

ጠቋሚዎቹን የሚሠራው ስሚዝስ የተባለው ፋብሪካ ለኤም ጂ ቢ የስፖርት መኪናም ያቀርብ ስለነበር የሁለቱ የሽቦ አሠራር ዘመዳሞች ናቸው። የቀድሞው ጠቋሚ ሁለት ጥቅልል ሽቦዎች የሚሳሳቡበት በመሆኑ መርፌው ፈጣን ነው፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥርም ይዘላል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተስፋፋው ግን በሙቀት የሚሠራ ነው፤ ይኸውም በሁለት ብረቶች ቅጠል ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ሲግል ቅጠሉ ይታጠፍና መርፌውን ቀስ ብሎ ይገፋል። ጉድጓድ በሞላበት መንገድ ላይ ይህ ዝግታ በረከት ነው። ችግሩ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር መርፌው መዋሸቱ ነው። ስለዚህ ከሰሌዳው ጀርባ የቮልት ማረጋጊያ ተጨመረ። ይህም ኤሌክትሪኩን እየቆረጠ እየቀጠለ በአማካይ 10 ቮልት ይሰጣል።

አረንጓዴው ሽቦ ከፊውዝ ወደ ማረጋጊያው ይገባል፤ ከዚያ ፈዛዛው አረንጓዴ ወደ ጠቋሚው ያልፋል፤ አረንጓዴና ጥቁር የሆነው ደግሞ ከጠቋሚው ወደ ሰልባትዮው ይወርዳል። የቀረው መካኒኮቻችን በጣልያንኛ ማሳ የሚሉት ነው፤ አብዛኛውም ጣጣ ከእርሱ ይመጣል። (የጥንቶቹ ሞዴሎች ማሳቸው የባትሪው ፖዘቲቭ ነበር። ለዚህ ዓይነት ጠቋሚ ግን ፖዘቲቭ ሆነ ኔጌቲቭ ለውጥ የለውም፤ የሚቃጠለው ሳያስተውሉ የገጠሙት ትራንዚስተር ሬድዮ ነው።)

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ወዳጃችን አሮጌ ላንድሮቨር ከሶዶ ወደ በሌ ስንወርድ መርፌው ግማሽ ላይ ቆሞ ሳለ ሞተሩ ጠፋ። ሰልባትዮው ባዶ ነበር። ከእኛ ጋር ወደ ሐኪም የምትሄድ ነፍሰ ጡር ሴት ነበረችና አላፊ አይሱዙ እስኪያነሣት ድረስ ያሳለፍነውን ሰዓት አልረሳውም። እኔ፣ መሐንዲሱ፣ ጥፋቱን በሰልባትዮው ውስጥ ባለው ተንሳፋፊ ላይ ጣልሁ፤ አስወጥቼም አስለካሁት። ደኅና ነበር።

በሶዶ የሚገኙ አንድ ሽማግሌ ኤሌትሪሲስት ግን ሰሌዳውን እንኳ ሳይፈቱ፣ «ልጄ፣ የማረጋጊያውን ማሳ አይተኸዋል?» አሉኝ።

«አላየሁም፣ ጋሼ።»

በመጽሐፍ የተማርሁትን የረሳሁት እዚህ ላይ ነው። የማረጋጊያው ማሳ ሲላቀቅ ውስጡ ያለው ማሞቂያ አይግልም፤ መገናኛውም ተዘግቶ ይቀርና የባትሪው ቮልት በሙሉ ወደ ጠቋሚው ያልፋል። ሙቀት በቮልቱ ስኩዌር ስለሚያድግ በ10 ፈንታ 13 ቮልት ሲደርስ ሙቀቱ 70 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የሰልባትዮው ማሳ ቢበላሽ ጠቋሚው ካለው በታች ያሳያል፤ ሾፌሩም ቢበዛ ያለ ጊዜው ነዳጅ ይቀዳል። የማረጋጊያው ሲበላሽ ግን የሌለውን አለ ይላል። በእኔ ግምት ንድፈኞቹ ሁለተኛ ማሳ ሊሰጡት ይገባ ነበር፤ የሰሌዳው ብሎን ብቻውን አቧራንና ዝገትን ለብዙ ዓመታት ሊችል አይችልም።

ሽማግሌው ብሎኑን በብርጭቆ ወረቀት ጠርገው ከማረጋጊያው አካል እስከ ሻንሲው አንድ ጥቁር ሽቦ ሳቡ። ከዚያ የሙከራ አምፖል በፈዛዛው አረንጓዴ ሽቦ ላይ አስነኩና ብልጭ ድርግም ሲል አሳዩኝ። ቁልፉን ባዞርሁ ጊዜ መርፌው ቀስ እያለ ወጣና ከሩብ በታች ቆመ። በጀሪካን የጨመርነውም ያን ያህል ነበር።