ደንቀዝና አኬታተን

ከቁሐር ሚካኤል ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ ወደ ሰሜን የሚያቋርጥ መንገደኛ፥ ርብን ተሻግሮና አዲስ ዘመንን አልፎ፥ በእንፍራዝ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩትን የጉዛራን ግንብ ካየ በኋላ ወደ ደጋው ቢወጣ፥ የዐፄ ሱስንዮስ መናገሻ የነበረችውን የደንቀዝን ፍርስራሽ ያገኛል። ይህችን ከተማ ባሰብሁ ቁጥር፥ ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ቀድማ በግብጽ ምድር ለፀሐይ አምልኮ የተቆረቆረችው አኬታተን ትታወሰኛለች።

ፈርዖን አክናተን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት፥ በነገሠ በ5ኛው ዓመት ግድም፥ የአሞንን ካህናትና ታላቂቱን ቴብስን ትቶ፥ ሌላ አምላክ ተመልኮበት በማያውቅ በዓባይ ምሥራቃዊ ዳር የአዲሲቱን ከተማ ወሰን በድንጋይ ላይ አስቀረጸ፤ መቅደሱንም የፀሐይ ጨረር በመሠዊያው ላይ ያርፍ ዘንድ ያለ ጣራ አሠራው። ሥራው እንዲፋጠን ድንጋዩ አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው በሚችለው መጠን ተጠረበ፤ ንጉሡ ሞቶ ወራሹ ብላቴና ከቱታንካተንነት ወደ ቱታንካሙንነት ስሙን ለውጦ ወደ ቀድሞው አምልኮ ከተመለሰ በኋላ ግን፥ ለመካብ የቀለለው ድንጋይ ለመናድም ቀለለና፥ የኋለኞቹ ነገሥታት ከወንዙ ማዶ በሄርሞፖሊስ ላሠሯቸው ሕንፃዎች የመሠረት መሙያ አደረጉት።

ደንቀዝ ከመነሻዋ ለአዲስ ሃይማኖት የተቆረቆረች አልነበረችም፤ ነገር ግን ሱስንዮስ በየካቲት 1618 ዓ.ም. በፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ፊት ለሮማው ሊቀ ጳጳስ ሊታዘዙ የማሉት በዚያ ስለ ሆነ፥ የኢየሱሳውያንም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ስለ ታነጸ፥ የካቶሊክ እምነት መዲና ለመሆን በቃች። ሕዝቡ የቀዳሚት ሰንበትን እንዲሽርና ዳግመኛ እንዲጠመቅ፥ ካህኑም ክህነቱን እንደ አዲስ እንዲቀበል በታዘዘ ጊዜ፥ ነገሩ የአንድ ንጉሥ ኅሊና ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የየጎጆው መከራ ሆነ። አክናተን የአሞንን ስም ከየግድግዳው አስፍቆ ነበር፤ ከአባት ከእናቱ ጀምሮ በሥላሴ ስም የተጠመቀን ሕዝብ ግን ጥምቀትህ ጥምቀት አይደለም ማለት፥ በእኔ አስተያየት፥ ከዚያም የከፋ በደል ነበር። ንጉሡ ይህን ተቃውመው ከተነሡት ከላስታ ሰዎች ጋር ተዋግተው ድል ካደረጉ በኋላ እንኳ የወደቀው የወገን ሬሳ ልባቸውን ሰብሮት፥ በሰኔ 1624 ዓ.ም. የቀደመችው ሃይማኖት እንድትመለስ አሳወጁ።

ልጃቸው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጥተው በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ፤ ደንቀዝም ወና ቀረች። ሆኖም በአባታቸው ዘመን ግንበኞች የለመዱትን የኖራ ሥራ አልናቁትም፤ ዛሬ በጎንደር ቆሞ የምናየው የፋሲል ግንብ ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው።