ሚዛኑ ሥራ ጨመረ

ወሎ ውስጥ የጤና ሚዛን ታሪክ ከረሃብ ጋር የተያያዘ ነው። በ1965 ዓ.ም. የተራበው ገበሬ ሐይቅን አልፎ ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ወጥቶ መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። በ1977 ደግሞ በየመጠለያው ሕፃናት የሚመዘኑት አልሚ ምግብ ማን ቀድሞ ያግኝ የሚለውን ለመለየት ነው። እንዲህ ባለ አገር «ወፈርሽ እኮ!» መባል ምርቃት ቢሆን ምን ይገርማል? የሚያስደነግጠው «ምነው ከሳሽ?» ነው።

አሁን ሚዛኑ ሌላም ነገር ማሳየት ጀምሯል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከልክ በላይ የወፈሩት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 8 ደረሱ። (ከልክ በላይ የቀጠኑት ያኔም 22 ነበሩ። አንዱ እንግዳ ሳይወጣ ሌላው ገባ!)

እናስ፣ ምክር ወይስ መድኃኒት? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመድኃኒቱ ታሪክ ብዙም አያኮራም። ፌንፍሉራሚን የልብ ቫልቭ እንደሚጎዳ ታውቆ በ1997 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ሲቡትራሚንም በልብና በስትሮክ ስጋት በ2010 ተከተለው። አዲሱ የሴማግሉታይድ መርፌ ግን የሚናቅ አይደለም። በ2021 በወጣው ጥናት፣ ምክርና መርፌ ያገኙት በ68 ሳምንት ከክብደታቸው 15 ከመቶ ገደማ ሲቀንሱ፣ ምክርና ባዶ መርፌ ያገኙት 2.4 ከመቶ ብቻ ቀነሱ። መርፌው ሲቆም ግን ከቀነሰው ሁለት ሦስተኛው በዓመቱ ተመለሰ።

ምክሩስ? በ2016 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት ሐኪሞች በሽተኛውን ለ30 ሰከንድ ያህል ብቻ አነጋገሩ። «ብትቀንስ ለጤናህ ይበጃል» ተብለው የተሸኙት በዓመቱ 1 ኪሎ ቀነሱ፤ የ12 ሳምንት ነጻ ፕሮግራም የቀረበላቸው 2.4 ኪሎ። ልብ በሉ፣ ልዩነቱን ያመጣው መላኪያ ቦታ መኖሩ ነው። አሜሪካ ውስጥማ በ2002 ምክር ኪኒንን በግልጽ በልጧል፦ የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድልን ምክሩ በ58፣ ሜትፎርሚን በ31 ከመቶ ቀነሱ። ያ ምክር ግን የ30 ሰከንድ አልነበረም፤ 16 ክፍለ ጊዜ ነበረው።

አምባሰል ላይ መላኪያው የት ነው? ሳይቋረጥ የሚገዛ መርፌ የውጫሌን ኪስ አያውቅም። እኔ የምትታየኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት በየቤቱ እየዞረች ስታስተምር ኖራለች፤ ዛሬ መክራ በወሩ ተመልሳ መምጣት የምትችለው እሷ ናት። ችግሩ፣ የምታነጋግራት እናት የ1977 ልጅ ልትሆን ትችላለች። ለዚህች ሴት «ክብደት ቀንሺ» የሚባለው በምን አፍ ነው? እኔ ብሆን ከዘይቱና ከሻዩ ስኳር እጀምር ነበር፤ ሚዛኑን ለጊዜው ከበር ውጭ ትቼ።