ደም ሥር ያላገኘ ደሴት
(ስለ ስኳር በሽታ ንቅለ ተከላ አጭር የታሪክ ቅኝት)

የአትላንታ ስደተኞች ሁሉ በሚያውቁት በቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ ከኮሪያውና ከሜክሲኮው ምግብ ቤት ባሻገር፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የቻምብሊ ግቢ ይገኛል። የማዕከሉ የስኳር በሽታ ክፍል አድራሻ ለብዙ ዓመታት ይኸው ጎዳና ነበር። በዚያ የሚያልፍ ወገናችን አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል፤ ኢንሱሊን ከተገኘ ከ100 ዓመት በላይ ሲሆነው በሽታው ስለ ምን አልተሸነፈም?

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ጀርመናዊው ፓውል ላንገርሃንስ በቆሽት ውስጥ እንደ ደሴት ተበታትነው የሚገኙ የሕዋስ ክምችቶችን አየ፤ ሥራቸውን ግን አላወቀም። በ1893 በእንግሊዝ አገር፣ በብሪስቶል፣ ሐኪሞች የበግ ቆሽት ቁራጭ በአንድ የ15 ዓመት ልጅ ቆዳ ሥር ተከሉ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ኢንሱሊን በ1921 በቶሮንቶ ተገኘና ሚሊዮኖችን ከሞት አዳነ፤ ይሁን እንጂ መርፌው ዕድሜ ልክ የሚወሰድ እንጂ በሽታውን የሚነቅል አልነበረም።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ደሴቶቹ ተመለሱ። በ1972 በሴንት ልዊስ ባሊንጀርና ሌሲ የአይጦችን ስኳር በሽታ በደሴት ንቅለ ተከላ አሻሻሉ። በ2000 ደግሞ በካናዳ፣ በኤድመንተን፣ ሰባት ሕሙማን ከመርፌ ተላቀቁ። ደስታው ግን አልዘለቀም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ያለ መርፌ መኖር የቻሉት ከ10 ሕሙማን 1 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

የሰውነት መከላከያ ተከላውን እንደ ባዕድ ማጥቃቱ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው የደም ሥር ነው። ደሴቶቹ ከቆሽት ክብደት 1 ወይም 2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ወደ ቆሽት ከሚፈሰው ደም ግን ከ10 በመቶ የማያንስ ይደርሳቸዋል። ተለይተው ሲወጡ ሥሮቻቸው ይቆረጣሉ። አዲስ የደም ሥር እስኪበቅል ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ በዚህ መካከል ብዙዎቹ በኦክስጂን እጦት ይሞታሉ። ችግኝ ተነቅሎ ሲተከል ሥር ሳይዝ እንደሚጠወልግ ማለት ነው።

ይህን ችግር ከተጋፈጡት መካከል በዚያው በአትላንታ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪው አንድሬስ ጋርሲያና ባልደረቦቹ ይገኛሉ። የደም ሥር አብቃይ ፕሮቲን ያዘለ፣ ውሃ የሞላበት ለስላሳ ዝልግልግ ነገር ሠርተው ደሴቶቹን በውስጡ ተከሉ። በ2017 ባሳተሙት ጥናት በአይጦች ላይ የደሴቶቹ ሕይወትና ሥራ መሻሻሉን አሳዩ። ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ግን ገና ረጅም ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ሕዋሱ መልካም ሆኖ ሳለ የሚመግበው መስመር ከሌለ ይሞታል። የአገራችን የገጠር ሕመምተኛም ዕጣ ከዚህ አይለይም። መድኃኒቱ በዓለም ላይ እያለ፣ ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ ስለሌለ ብዙ ወጣት ተቀጥፏል። የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች በሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ይህን ተረድተው የስኳር ሕክምናን ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ፣ በነርሶች እጅ፣ ማውረድ ጀመሩ። ገበሬው ኢንሱሊን ፍለጋ በእግሩ የሚጓዘውን ረጅም መንገድ አሳጠሩለት። ይህም በራሱ ደም ሥር መዘርጋት ነበር።

እንግዲህ በቤተ ሙከራ የምትደክሙ ወገኖች፣ ሁለቱንም መስመር አጥኑ። አንዱ ሕዋሱን ይመግባል፤ ሌላው ሕዝቡን። አንደኛው ያለ ሁለተኛው በሩቅ አገር የሚነበብ ወሬ ሆኖ ይቀራል።