አርማው የተነቀለ ሸቭሮሌ

አንድ ልጅ አሮጌ ሸቭሮሌ ገዛ እንበል። ጊዜው 1955፣ ቦታው ሎስ አንጀለስ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ስትቀንሱ ስትደምሩ እንዳትደክሙ አስቀድመን ተናገርን።) መኪናው የ1950 ሞዴል ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ነድቶታል። ልጁ ነዳጅ ማደያ እየሠራ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅሞ ነው የገዛው። ታዲያ መኪናውን ሰፈር እንዳደረሰ መጀመሪያ የሚያደርገው ምን ይመስላችኋል? ማጠብ? ጓደኞቹን ጭኖ መዞር? የለም። መፍቻ ይዞ ኮፈኑ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ አርማ ይነቅላል!

ስንት ለፍቶ የገዛውን መኪና ስም ይፍቃል ማለት ነው። ለምን? የዛሬው ጨዋታችን እዚህች «ለምን» ላይ ነው።

በዚያ ዘመን የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች እንደ ደሞዝ እርከን የተደረደሩ ነበሩ። ከታች ሸቭሮሌ፣ ቀጥሎ ፖንቲያክ፣ ከዚያ ኦልድስሞቢል፣ ከዚያ ቢዊክ፣ አናቱ ላይ ደግሞ ካዲላክ። ስለዚህ ኮፈኑ ላይ የሚያብረቀርቀው ክሮም ጌጥ ብቻ አልነበረም። ባለቤቱ ስንተኛው እርከን ላይ እንደቆመ ለአላፊ አግዳሚው የሚናገር ታፔላ ነበር። በዚያ ላይ ኩባንያው በየዓመቱ የመኪናውን መልክ ይቀያይራል። ጌጡን ያየ ሁሉ «ይሄማ የአምስት ዓመት ዕቃ ነው» ብሎ ዕድሜውንም ያነብበዋል። ልጁ አርማውን ሲነቅል የነቀለው ዋጋውንና ዕድሜውን ነው።

የሚያስቀው ደግሞ ይህን የመልክ ቅይርይር ያስለመደው ሰው ራሱ ከዚያው ከተማ የወጣ መሆኑ ነው። ሃርሊ ኧርል ይባላል። በአባቱ ወርክሾፕ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለሆሊውድ ኮከቦች መኪና በልካቸው ይሠራ ነበር። ልክ እንደ ሙሉ ልብስ፣ ሻንሲው ከፋብሪካ ይገዛና አካሉ ለባለቤቱ «ይሰፋል»። በ1927 ጄኔራል ሞተርስ ወሰደውና የዲዛይን ክፍሉን አስረከበው። እንግዲህ መኪናን በልክ ማሠራት መጀመሪያ የባለጸጋ ወግ ነበር። ኋላ ላይ አሮጌ መኪና የገዙ ልጆች ያንኑ ወግ በመፍቻና በብየዳ ወደ ሰፈራቸው አወረዱት።

እንዴት? ቃሎቹን ከኛ ሰፈር ጋራዦች ተውሰን እንንገራችሁ።

አርማው ሲነቀል ኮፈኑ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ቀዳዳው በብየዳ ይደፈናል። ከላዩ የቀለጠ እርሳስ ይደረግበትና ገና ትኩስ ሳለ በእንጨት ይዳመጣል፤ ሲበርድ ከላሜራው ጋር አንድ እስኪሆን ድረስ ይሞረዳል። ይህ ከፊት ሲሠራ «ኖዚንግ»፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ክዳን ላይ ሲሠራ «ዴኪንግ» ይባላል። የበሩን እጀታ ነቅሎ በተደበቀ የኤሌክትሪክ ቁልፍ መክፈት ደግሞ «ሼቪንግ» ነው። በኋላ ስቱኮ መጣና ሥራው ቀለለ። የድሮውን ስልት እንጠብቃለን የሚሉት ግን ዛሬም እርሳሱን አልተዉትም፤ ጭሱና ብናኙ መርዝ እንደሆነ እያወቁ።

ቀጥሎ መኪናው ዝቅ ይላል። ከፊት ሞላው ይቆረጣል፤ ከኋላ በባሌስትራውና በአክስሉ መሀል የብረት ኩብ ይገባል። ለዚህም ገንዘብ ያጠረው ዕቃ መጫኛው ውስጥ የአሸዋ ከረጢት ይጭናል። በመጨረሻ ነጭ ቀለበት ያለው ጎማ ይገባለታል፤ የኋላው ጎማ ግማሹ በላሜራ ይሸፈናል። ቸርኬው ላይ የካዲላክ ክዳን ይገጠማል። ቅርጹ ሰፊውን የሜክሲኮ ባርኔጣ ስለሚመስል «ሶምብሬሮ» ይሉታል። ልብ በሉ፣ ከመሰላሉ ታች ያለው ሸቭሮሌ የመሰላሉን አናት ጫማ አደረገ!

አለቀ። ጣሪያው አልተቆረጠም፤ አካሉ አልተበለተም። «ማይልድ ከስተም» የሚባለው ይኸው ነው። በአማርኛ ብንለው «ትንሽ የተነካ» ይሆናል። ከዚህ የከበደውን ዓይነት ሳም እና ጆርጅ ባሪስ የተባሉ ወንድማማቾች ዝነኛ አድርገውታል። በ1952 ቦብ ሂሮሃታ ለተባለ ጃፓናዊ አሜሪካዊ ወጣት የሠሩት የ1951 ሜርኩሪ ጣሪያው ተቆርጦ ዝቅ ያለ፣ ከፋብሪካ የወጣበት መልክ ጨርሶ የጠፋ ነው። መጽሔቶች ያገነኑት እንዲህ ያለውን ነው። መንገዱን የሞላው ግን ትንሽ የተነካው ነበር፤ ምክንያቱም የብዙ ሰው ኪስ የሚችለው እሱን ነዋ! በኋላ በመኪና ቀለም ቅብ ስሙ የገነነው ላሪ ዋትሰን እንኳ የጀመረው ገና ወጣት ሳለ ዝቅ አድርጎ «ግሬፕቫይን» ብሎ በሰየመው የ1950 ሸቭሮሌ ነው። ልጆቹ የፋብሪካውን ስም ነቅለው የራሳቸውን ያወጡለት ነበር ማለት ነው።

እዚህ ጋ ጨዋታው መረር ይላል።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 1958 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የትኛውም የአካሉ ክፍል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ ወርዶ እንዲቀመጥ የተደረገ መኪና መንዳት ሕገ ወጥ ሆነ። ሕጉ የማንንም ዘር አይጠራም። የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ነጂዎች ግን ሕጉ እነሱን መንገድ ላይ ለማስቆም ሰበብ ሆነ ሲሉ ኖረዋል። ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ጊል እና አል አያላ የተባሉ ወንድማማቾችን የመሳሰሉ የጥበቡ ጌቶች የሠሩበት፣ መኪናን ዝቅ አድርጎ በዝግታ መንዳት ባህል የሆነበት ሰፈር ነው።

መልሱ አልዘገየም። በ1959 ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት በአባቱ እየታገዘ ኮርቬቱ ላይ ከአውሮፕላን የተራረፈ የሃይድሮሊክ ዕቃ ገጠመ። ፖሊስ ሲመጣ መኪናው ከፍ ይላል፤ ሲሄድ ዝቅ ይላል። ሕጉ ሊያጠፋው የፈለገውን ነገር ጭራሽ ዘፈን አወጣለት! ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የሚዘለው «ሎውራይደር» የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ከተሞች በዝግታ እየነዱ መንሸራሸርን ራሱን መከልከል ጀመሩ። ሁለቱም ክልከላዎች በክፍለ ግዛቱ ሕግ የተነሡት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። ቁመት የሚለካው ሕግ 66 ዓመት ኖረ ማለት ነው። በ1955 አርማ የነቀለው ልጃችን በሕይወት ካለ ዘጠናውን እየተጠጋ ነው።

በመሀሉ ዓለም ሐሳቧን ቀይራለች። የሂሮሃታን ሜርኩሪ በ1959 አንድ ወጣት በ500 ዶላር ገዝቶት ነበር። በ2017 ዋሽንግተን፣ ናሽናል ሞል ላይ በመስታወት ቤት ለሕዝብ ታየ፤ «ጂፕሲ ሮዝ» የሚባለው የ1964 ኢምፓላ ሎውራይደርም እንደዚሁ። ሁለቱም በአገሪቱ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ገብተዋል። ሜርኩሪው በ2022 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ።

ደግ ነው፤ ደስም ይላል። ግን ያ ትንሽ የተነካው ሸቭሮሌስ? ለሱ መስታወት ቤት የሠራለት የለም። ዛሬ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው «ኦሪጅናል» ነው፣ ማለትም ከፋብሪካ እንደወጣ። ስለዚህ እርሳሱን ያቀልጠዋል፤ ኮፈኑን መልሶ ይበሳዋል፤ አርማውን ከየትም ፈልጎ ይለጥፋል። ሥራው «እድሳት» ይባላል፤ ታሪክ እንዳዳነም ይቆጠርለታል። ግን የማንን ታሪክ? ፋብሪካው ያንን ሸቭሮሌ በመቶ ሺዎች አምርቶታል፤ ፎቶውም ካታሎጉም ሞልቷል። ልጁ ግን በዚያ መልክ የሠራው አንዱን ብቻ ነው፣ ያውም የምሽት እንቅልፉን አጥቶ።

እኛ የታሪክ መጽሐፍ የምናነበው ብዙውን ጊዜ በባለ አርማዎቹ በኩል ነው፤ ንጉሥ፣ ጄኔራል፣ ኩባንያ። ስም የሌለው ሰው ምን እንዳደረገ ለማወቅ አንዳንዴ የተደፈነ ቀዳዳ መፈለግ ይኖርብናል። ችግሩ ልጁ ሥራውን አሳምሮ ከሠራው ቀዳዳው ሲዳሰስ አይታወቅም። ስለዚህ አንድ ቀን እንዲህ ያለ መኪና ፊት ከቆማችሁ «አርማው የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። የነቀለውም ሰው ታሪክ አለው።

ቸር እንሰንብት።