ፊት የሚያነብ ገንዘብ

እስቲ ጠጋ በሉ ወገኖቼ፣ ነገሩ ረዘም ይላልና አትቸኩሉብኝ። ስለ ገንዘብ ላወራችሁ ነው፤ ስላለፈው ብቻ ሳይሆን ገና ስለሚመጣውም፣ ሰው ኪሱ ውስጥ ምንም ሳይዝ ፊቱን ብቻ ለካሜራ አሳይቶ ዳቦውን ገዝቶ ስለሚሄድበት ዘመን። ያንን ዘመን ፈረንጆቹ በመጽሐፍና በፊልም ሲያልሙት ኖረዋል፤ “ሳይበርፐንክ” ይሉታል፤ ከተማው በመብራት የተንቆጠቆጠ፣ ዝናቡ የማያባራ፣ ኩባንያው ከመንግሥት በላይ የሆነ፣ ድሃው ግን ያው ድሃ ሆኖ የቀረበት ዓለም ነው። ዊልያም ጊብሰን የሚባል ደራሲ በ1984 እ.ኤ.አ. “ኒውሮማንሰር” የሚል ልብ ወለድ ጻፈ፤ በዚያ ዓለም የወረቀት ገንዘብ የጥቁር ገበያ ገንዘብ ሆኖ ቀርቷል፣ ጃፓን ውስጥማ በጥሬው መገበያየት ጭራሽ በሕግ ያስቀጣል። ይህን ስሰማ የእኔ ልብ የሚሄደው ግን ቶክዮ አይደለም፤ መቀሌ ነው። ለምን መቀሌ? እሱን ነው የምተርክላችሁ።

እንግዲህ ከመቀሌ ተነስተን ቁልቁል እንውረድ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነፋሻማ ቦታ ላይ ተቀምጣለች፤ በአጉላዕ በኩል ወደ ምሥራቅ የታጠፈ መንገደኛ ግን አየሩ እየሞቀው፣ ዛፉ እየሳሳበት፣ ዐለቱ እየገረጣበት ይሄድና በራህሌ ይደርሳል፤ ከዚያም ወርዶ ወርዶ ሐመድ ኤላ፤ ከዚያም ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በተዘረጋው የደናክል የጨው ሜዳ ላይ ይቆማል። ወደዚያ የሚወርደው የአርሆ፣ ማለት የጨው ቅፍለት፣ ነጋዴ ግመሉንና በቅሎውን ድርቆሽ ጭኖ ይነዳል፤ ድርቆሹንም ሁሉ ይዞ አይወርድም፣ ለመልሱ እንዲሆነው በየማደሪያው ጥቂት ጥቂት እያስቀመጠ ያልፋል። ታች ሲደርስም ፀሐይ ያከሰላቸው ሰዎች ጨዉን በረጃጅም እንጨት እየፈነቀሉ ከመሬት ያላቅቁታል፣ ሌሎቹም ቁጢጥ ብለው እየጠረቡ ቅርጽ ያወጡለታል፣ ከዚያም በገመድ ይታሰርና ግመሉ ጎን ላይ ይጫናል፣ ከዚያም ያ ሁሉ ቁልቁለት በመልሱ ዳገት ይሆንና ቀን ከሌሊት ተጉዘው ይወጡታል፣ ድሮ በመጨረሻ መቀሌ ገበያ ይገቡ ነበር። ዛሬማ መኪናው በራህሌ ስለሚደርስ ግመሎቹ እዚያው አራግፈው ይመለሳሉ።

ታዲያ ያ ጨው ለወጥ ብቻ አልነበረም። አሞሌ ነበር፤ ገንዘብ። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችን ሲመጣ ሰዉ በጨው ሲገበያይ አየና ተገርሞ ጻፈ፤ ጨዉ ከሚወጣበት እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው እየከበደ ይሄዳል አለ። እውነቱን ነው፤ ደናክል በር ላይ ብዙ አሞሌ የሚጠይቀው ወርቅ፣ ንጉሡ ከተማ ሲደርስ በጥቂቱ ይገኝ ነበር፤ በመሐሉ የግመሉ ላብ፣ የቀረጥ ሰብሳቢው እጅና የክረምቱ ዝናብ አሉና። ጫፉ የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይወድቃል፤ ስለዚህ እንዳይሰበር በልጥ ይጠፍሩታል፣ እንዳይሟሟም ከእርጥበት ያርቁታል። እንግዲህ የጥንት ሰው ገንዘብ ጠላቱ ዝናብ ነበር፤ ግን ልብ በሉልኝ፣ ከሩቅ ከተማ ሆኖ “የእከሌን አሞሌ ዝጉበት” የሚል ሰው አልነበረም።

ከአሞሌ ጋር ደግሞ ጠገራ ብር ነበረ፣ የማርያ ቴሬዛ። የኦስትሪያዋ ንግሥት በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት፣ ያው ፊት እየተቀረጸበት ሲመታ ኖሯል፤ መቀሌን መናገሻቸው ያደረጉት አፄ ዮሐንስ 4ኛም እዚያ ያለውን ቤተ መንግሥት ሲያሠሩ፣ ሲሸልሙም ሆነ ሲያስገብሩ አገሩ የሚቆጥረው በዚያ ብር ነበር። ገበሬው ብሩን ተቀብሎ ወዲያው ኪሱ አይከትም። ወደ ብርሃን ያዞረዋል፣ በአውራ ጣቱ ያሻሸዋል፣ ከዚያም ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ፈርጥ አንድ ሁለት እያለ ይቆጥራል፤ ዘጠኝ ካልሞላ፣ ወይም ከመታሸት ብዛት ከጠፋ፣ “ውሰድልኝ” ብሎ ይመልሳል። አፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመትተው ሲያመጡ እንኳ ሰዉ የለመደውን ፊት በቀላሉ አልለቀቀም። ያን ጊዜ ሰው ነበር የገንዘቡን ፊት የሚያነብበው። በሚመጣው ዘመን ግን ገንዘቡ ነው የሰውን ፊት የሚያነብበው፤ “አንተን አውቅሃለሁ፣ እለፍ”፣ ወይም “አላወቅሁህም፣ ቁም” የሚለው እሱ ነው። ነገሩ ሁሉ የተገለበጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቅርቡ ልምጣ፤ እናንተም የምታውቁት ነው፣ ቢሆንም ልተርከው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በገባ በአራተኛው ቀን፣ መስከረም 4፣ ብር ሊቀየር ነው ተባለ፤ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖት ሊለወጥ፣ የ200 ብርም አዲስ ሊወጣ፣ ለመቀየሪያም ሦስት ወር ተሰጠ። ሰዉም ከየሳጥኑ፣ ከየእንስራው፣ ከየፍራሹ ሥር አሮጌውን እያወጣ ወደ ባንክ መሰለፍ ጀመረ፤ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ጥቅምት 25 ጦርነቱ ተነሳና በትግራይ፣ መቀሌም ጭምር፣ ባንኩም ስልኩም ተዘጋ። በኋላ መቀሌ ውስጥ ለጥቂት ወራት የተከፈተ ቢሆንም፣ ሰኔ 21 ቀን 2013 ከተማዋ እንደገና እጅ ስትለውጥ ያ የተከፈተው መልሶ ተዘጋ፤ መብራቱም ባንኩም መስመሩም።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆዩልኝ። ከዚያች ቀን ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 3 ቀን 2013፣ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን አስጀምሮ ነበር። የቀረው አገር በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው አስመዝግቦ ገንዘቡን ወደ ስልኩ ሲያሻግር፣ መቀሌ ስልክ የላትም። አንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ ዓመት፣ አንዱ ከተማ ወደፊቱ ዘመን ሲገባ ሌላው ከአሞሌም በፊት ወዳለው ተመለሰ፤ ምክንያቱም አሞሌ ቢያንስ በእጅ ይያዝ ነበር።

መቀሌ ውስጥ መምህሩ የባንክ ደብተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ያውቀዋል፤ ሐኪሙም እንዲሁ፤ ጡረተኛዋም ዕድሜ ልኳን የቆጠበችውን እስከ ሳንቲሙ ታውቀዋለች። ገንዘቡ አለ፤ አልተሰረቀም፣ አልተቃጠለም፤ ግን አይወጣም፤ ደመወዝም ወር አልፎ ወር ሲተካ አይመጣም። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ መላክ ሲፈልግ እዚያ ለአንዱ ይሰጣል፣ እዚህ ሌላው ጥሬውን ይቆጥራል፣ በመሐል ያለውም ጠቀም ያለ ድርሻ ቆርጦ ያስቀራል። ጥሬ ብሩ ደግሞ ከውጭ እንደልብ ስለማይገባ ያው ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይለሰልሳል፣ ከመሐሉ ይቀደዳል፣ በፕላስተር ይጣበቃል።

ያን ጊዜ የባለሱቁ ዱቤ ደብተር ባንክ ሆነ። ደብተሩን ታውቁታላችሁ፤ ጠርዙ በዘይት የወዛ፣ እስክሪብቶው በክር የታሰረለት ነው። ስሙ ሙሉ ስም አይደለም፤ “የእነ እከሌ እናት”፣ “መምህሩ”፣ “ከጀርባ ያሉት” ይላል፣ ከጎኑም ዱቄት፣ ዘይት፣ ሳሙና። ከፍሎ የጨረሰ ሲኖር በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ያን ጊዜ ግን የሚሰረዘው እያነሰ ገጹ እየሞላ ሄደ፣ ባለሱቁም ራሱ አከፋፋዩ ጋ የሚከፍለው አጣ። ደግነት ብቻውን ዕቃ አያመጣም፤ ብዙ ሱቅ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ተዘጋ። ይህንን ማሳመር አልፈልግም።

ከዚያም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ፣ ከዚያም በታኅሣሥ ስልኩ ተቀጠለ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም መቀሌ ላይ በሩን ከፈተ፣ አውሮፕላኑም አሉላ አባነጋ አየር ማረፊያ አረፈ። አየሩ በሚቀዘቅዝበት በዚያ ወር ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ባንክ በር ላይ ይሰለፋል። መሣሪያው ጸጥ ሲል የባለጉዳዩና የሳንቲሙ መለያየት ያበቃ እንዳይመስላችሁ፤ ማስገባት ቢቻልም እንደልብ ማውጣት ግን ጊዜ ወስዷል።

እንግዲህ ይህንን ይዘን ወደ መጪው ዘመን እንሻገር። አትፍሩ፣ ግመል አያስፈልገንም። እንበል አንድ ቀን ሮማናት አደባባይ አጠገብ አንዲት እናት ወደ ዳቦ ቤት ትገባለች፤ ገንዘብ ተቀባይ የለም፤ ዓይን የመሰለች ካሜራ ብቻ። ካሜራዋ ፊቷን ታያለች፣ ቁጥሯን ታገኛለች፣ ሒሳቡን ትቀንሳለች። ጥሩ። ነገ ግን ዓይኗ አብጦ ብትመጣስ? ልጅ ብትልክስ? ከዚያ ሁሉ በላይ፣ ሩቅ ያለ አንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው “ይህች ሰፈር ለጊዜው ትቁም” ብሎ አንዲት ቁልፍ ቢነካስ? ይህ ልብ ወለድ ከመሰላችሁ ፋይዳ የሚሉትን ብሔራዊ መታወቂያ አስቡት፤ አሻራችንንና የዓይናችንን ብሌን ሰጥተን 12 አሃዝ ቁጥር እየተቀበልን ነው፣ የባንክ ሒሳባችንም ከዚያ ቁጥር ጋር እየታሰረ ነው። ማሽኑም ራሱ ይስታል፤ መጋቢት 2016 ላይ የንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ተዛብቶ ሰዉ ከሌለው ሒሳብ ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አወጣና አስተላለፈ፤ ከዚያም ያልመለሱትን ባንኩ በስምና በፎቶ ይፋ አወጣቸው። ይኸው ፊት እንደገና!

ቴክኖሎጂውን የምጠላ ሽማግሌ አታድርጉኝ። ልጇ ሌላ ከተማ የሚማርባት እናት ገንዘቧን በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ከመላክ በስልኳ ብትልክ ይሻላታል፤ ነጋዴውም ጆንያ ሙሉ ብር ይዞ ሌሊት ከሚጓዝ ቁጥር ይዞ ቢጓዝ ነፍሱ ይተርፋል። የእኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ የሚመጣውን ገንዘብ የሚሠሩ ሰዎች መቀሌ ባንኩም ስልኩም ተዘግቶባት የኖረችባቸውን ወራት አንድ ቦታ ጽፈው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠውታል ወይ? መስመር ሲቋረጥ የሚሠራ ነገር፣ ማንም ከሩቅ የማይዘጋው ጥሬ ገንዘብ፣ በሕግ ተጠብቆ ጎን ለጎን ይቀራል ወይ? ካልቀረ፣ እኔ በጊብሰን ልብ ወለድ የጥቁር ገበያ ወንበዴዎች ላይ ብዙም አልፈርድም።

እስከዚያው ገበያው ውሎውን ይውላል። ዛሬ መቀሌ ዕዳጋ ሰኑይ ገበያ ብትሄዱ ጨው፣ በርበሬና ማር ከተደረደረበት አጠገብ የስልክ ቁጥር በካርቶን ተጽፎ ታገኛላችሁ። ገዢው ይልክና ስልኩን ወደ ሻጯ ያዞራል።

“ሄዷል፣ እዪው።”

“አንተ ጋ ሄዷል፤ እኔ ጋ አልገባም።”

“ኔትወርኩ ነው።”

“ኔትወርኩ ሽሮ አይሆነኝ፣ ልጄ።”

ከዚያም ሁለቱም ስልካቸውን ወደ ላይ አንስተው ይቆማሉ፣ ከኋላ ያለውም ሰው መሰልቸት ይጀምራል፣ ከዚያም ጎረቤቷ ሻጭ ከተቀመጠችበት ቀና ሳትል “የእነ እከሌ ልጅ እኮ ነው፣ ይሂድ፤ ካልገባልሽ ማታ እናቱን ትጠይቂያለሽ” ትላለች፤ ሻጯም ፌስታሉን ትሰጠውና፣ ለማንኛውም ብላ፣ ደብተሯን ትፈልጋለች።