ክፉ ቀንና ቤተ ዘመድ

አባቶቻችን ዘመንን የሚቈጥሩት በነገሥታት ስም ነበር። «በዐፄ ቴዎድሮስ ጊዜ»፥ «በዐፄ ዮሐንስ ጊዜ» ይላሉ እንጂ ዓመተ ምሕረቱን ለይቶ የሚናገር ከሊቃውንቱ በቀር ብዙ ሰው አልነበረም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን ግን በንጉሥ ስም አልተጠራም። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ የወደቁበት፥ ዐፄ ምኒልክም በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑበት ዘመን ሆኖ ሳለ፥ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ ሰየመው። ሽማግሌዎችም የልጅነታቸውን ነገር ሲያወሩ «ከክፉ ቀን በፊት»፥ «ከክፉ ቀን በኋላ» እያሉ ይለዩ ነበር።

ስለዚያ ረኃብ ብዙ ተጽፏል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በዚያ ቀን ቤተ ሰብ ምን ሆነ? ያልፈረሰውስ ቤት ምን አድርጎ ጸና? የሚለው ነው።

የመከራው መነሻ ከባሕር በኩል መጣ። ኢጣልያኖች ምጽዋን በ1877 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ ለጦራቸው የሚሆን ከብት ከባሕር ማዶ ያስመጡ ነበር። ከዚሁ ከብት ጋራ፥ ከህንድ አገር እንደ መጣ የሚነገርለት፥ ዛሬ «የደስታ በሽታ» የምንለው የከብት ቸነፈር በ1880 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገባ። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ ግብሩ ሐዘን ነው። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከሰሜን እስከ ደቡብ ተዳርሶ፥ የጊዜው ተመልካቾች እንደ ገመቱት ከመቶው ከብት ዘጠና ያህሉን ፈጀ። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜም አፍሪቃን አቋርጦ እስከ ደቡቡ የአህጉሩ ክፍል ዘለቀ። በዚህ ላይ ዝናም ጐደለ፤ ለበቀለችውም ጥቂት እህል አንበጣ፥ ተምችና አይጥ ተነሡባት። ረኃቡ ያደከመውን ሕዝብ ፈንጣጣ፥ ተስቦ፥ ተቅማጥና የኮሌራ ወረርሽኝ እየተከታተሉ መቱት። ከሕዝቡ ሢሶው አለቀ ይባላል። ይህ በቈጠራ የተረጋገጠ ቍጥር ባይሆንም፥ በአነጋገሩ ጥፋቱ ምን ያህል እንደ ነበረ ያስረዳል።

አንባቢ እዚህ ላይ «ከብት ቢሞት፥ ሰው ስለ ምን እህል አጣ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በሬ ለገበሬ ከሀብቱ ይልቅ ክንዱ ነው። የጤፍ መሬት ደጋግሞ መታረስን ይፈልጋል፤ ያለ በሬ ይህን መፈጸም እጅግ ይከብዳል። በብዙ አገር የመሬት ስፋት እንኳ የሚለካው በ«ጥማድ» ነው፤ ይህም ሁለት በሬዎች ባንድ ቀን የሚያርሱት መሬት ማለት ነው። በሬው በሞተ ጊዜ ገበሬው መሬት ሳያጣ መሬት የለሽ ሆነ። ማሳው ከፊቱ ተዘርግቶ እያየው ተራበ።

አሁን አንድ እውነት ሳንሸሽግ መናገር አለብን። ችግር ቤተ ዘመድን ያፋቅራል ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። በክፉ ቀን ግን በብዙ ስፍራ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። የዘመኑ ምስክሮች፥ አገሬውም የውጭ አገር ሰውም፥ ልጁን በመንገድ ጥሎ ስለ ሄደ አባት፥ ልጅዋን ለሚያበላት ሰው ስለ ሰጠች እናት፥ ራሳቸውን ለባርነት ስለ ሸጡ ሰዎች ጽፈዋል። ባል ወደ አንድ አገር፥ ሚስት ወደ ሌላ አገር ተሰደው ሳይገናኙ ቀርተዋል። እነዚህን ሰዎች ፍቅር አልነበራቸውም ብሎ የሚፈርድ እርሱ ራሱ ተርቦ የማያውቅ ነው። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፥ መከራ በራሱ ዘመድን ከዘመድ አያስተሳስርም፤ እንዲያውም የላላውን ገመድ ይበጥሳል። የተሳሰረ ቤት ካለ፥ የተሳሰረው ሰዎች ይህን ወይም ያን ሥራ በብልሃት ስለ ሠሩ ነው። ሥራውም ምን እንደ ሆነ ከገበሬው ሕይወትና ልማድ መረዳት እንችላለን።

የመጀመሪያው ሥራ በቀንበሩ ላይ የተሠራ ነው። ቸነፈሩ ካለፈበት መንደር አንድ በሬ የተረፈለት ሰው ዕድለኛ ነበር። ነገር ግን ነጠላ በሬ አያርስም፤ ቀንበር ሁለት አንገት ይፈልጋልና። ስለዚህ አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ያለውን ጎረቤቱን ወይም ዘመዱን ፈልጎ ይቀናጃል፤ አንድ ቀን የአንዱ፥ አንድ ቀን የሌላው ማሳ ይታረሳል። ይህ «መቀናጆ» የሚባለው ልማድ ከክፉ ቀን በፊትም የነበረ ነው። በደግ ዘመን ግን የድኻ መላ ነበር፤ በክፉ ቀን የሁሉም መላ ሆነ። በሬ ጨርሶ የሌለውም በጕልበቱ ከሌላው ጋራ ወንፈል ገብቶ ተራ በተራ ይቈፍር ነበር። በመቀናጆ ሁለት ሰዎች የሚያገናኙት በሬ ብቻ አይደለም። ጎረቤቱ ቢታመም የእርሱ ማሳ ደግሞ ጦሙን ያድራልና፥ ሰው በጎረቤቱ ጤና ተስፋ ያደርጋል፤ ያን ጎረቤት መጠበቅ ቤቱን መጠበቅ ይሆንበታል።

በሬም ሰውም ያጣው ዶማ አነሣ። ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸው ለተራበ ሰው እህል እንዲሰጥ ከማድረጋቸው በላይ፥ ዶማ እየተሠራ እንዲታደል አዝዘው፥ እርሳቸውም በገዛ እጃቸው መሬት እየቈፈሩ ለመኳንንቱና ለወታደሩ አብነት እንደ ሆኑ ታሪካቸውን የጻፉ ሊቃውንት መዝግበዋል። የዚህን ነገር ክብደት ለማወቅ፥ የእጅ ሥራ በዚያ ዘመን ምን ያህል ይናቅ እንደ ነበረ ማሰብ ያሻል። ለባላገሩ ግን ዶማ ሌላ ትርጕም ነበረው። በበሬ ሲታረስ እርፉን የሚጨብጥ ወንዱ ነው፤ በዶማ ሲቈፈር ግን ሚስትም፥ ጕልበት የቀረው ልጅም፥ አያትም ይቈፍራል። የአትክልቱ ጓሮ ከማሳው ይልቅ የቤተ ሰቡን ነፍስ የያዘበት ጊዜ ነበር። ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1850 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ድንች፥ ለብዙ ዓመት ብዙ ሰው ሳይቀበለው ቈይቶ ይበልጥ መስፋፋት የጀመረው ከዚህ ረኃብ ወዲህ ነው ይባላል። በደቡብም እንሰት በበሬ ሳይሆን በእጅ የሚለማ፥ ዓመታትን የሚቈይ ተክል ስለ ሆነ፥ ለተካዩ ቤተ ሰብ መጠጊያ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ሥራ ዘር ማስቀረት ነው። በአማርኛችን ዘር የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል፤ ለምድር የሚጣለውን እህልና ከሰው የሚወለደውን ትውልድ። በረኃብ ጊዜ ሁለቱ ዘሮች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ልጅ ሲያለቅስ በጎታው ግርጌ የቀረችው እፍኝ ዘር ትጠራለች፤ ብትበላ ልጁ ዛሬ ይድናል፤ ብትቀመጥ ለከርሞ ሁሉም ይድን ይሆናል። ይህን ፍርድ የሚሰጥ ዳኛ የለም፤ እናትና አባት ብቻቸውን በሌሊት ይፈርዱታል። በዚህ ነገር ትክክለኛው ይህ ነው ብሎ ለመናገር የሚደፍር ሰው አይገኝም። ነገር ግን በ1884 ዓ.ም. ዝናሙ ሲመለስ መሬቱ ባዶውን ያልቀረው፥ በየመንደሩ ዘር ያስቀረ፥ ያስቀረውንም ለዘመዱ ያበደረ ሰው ስለ ነበረ ነው። ተስፋ ስንል ብዙ ጊዜ ደስ የሚል ሐሳብ ይመስለናል። ለእነዚያ ሰዎች ግን ተስፋ በእጅ የሚጨበጥ፥ እየተራቡ የሚጠብቁት ነገር ነበር።

ሦስተኛው ሥራ ዘመድ ላጣ ሰው ዘመድ መሆን ነው። ክፉ ቀን ብዙ ሕፃናትን ያለ ወላጅ፥ ብዙ ወላጆችንም ያለ ልጅ አስቀርቷል። ለዚህ ደግሞ የአገራችን ልማድ መድኀኒት ነበረው። በአማራው ዘንድ አንድ ሰው ሌላውን ልጄ ብሎ ሲቀበል ጡቱን ወይም ጣቱን ማር አስነክቶ ያጠባዋል፤ ያ ሰው የጡት ልጅ ይባላል፥ አሳዳጊውም የጡት አባት ወይም የጡት እናት ይሆናል። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጉዲፈቻ የተባለው ሥርዐት የሌላ ሰው ልጅ ተወስዶ ከአብራክ እንደ ተከፈለ ልጅ በሙሉ መብት የሚያድግበት ነው። ይህ ቃል በአማርኛ ገብቶ፥ በኋላም በአገሩ ሕግ ቋንቋ ውስጥ ቦታ ይዞ ዛሬ የሁላችን ቃል ሆኗል። ልማዱ ያለ እንከን ነበር አንልም፤ በልጅነት ስም የተወሰደ ልጅ አገልጋይ ሆኖ የቀረበት ቤት ነበረ። ቢሆንም ማሩን አስነክቶ በሽማግሌ ፊት «ልጄ ነው» ያለ ሰው ቃሉን ቢያጥፍ መንደሩ ይመሰክርበት ነበር። ደም ያልሰጠውን ዝምድና ቃልና ምስክር ይሰጡት ነበር።

ከዚህም በቀር የሐዘንና የተስፋ መዝገብ ሆኖ የቈየልን የሰው ስም ነው። ልጅ ከሞተ በኋላ ሌላ ልጅ ሲወለድ ወላጆቹ ካሳ፥ ምትኩ፥ ማስረሻ፥ ተካልኝ ብለው ይሰይሙታል። ወንድም የሌለው ቤት ወንድማገኘሁ ይላል፤ ብቸኛው ሰው ዘመድኩን ብሎ ይጠራል። በረኃብ ማግስት የተወለደው ልጅ በቀለ ወይም ተስፋዬ ሲባል፥ እናቱ በየቀኑ በጠራችው ቍጥር ለራስዋም ትናገር ነበር። የመንደር ታሪክ ጸሐፊ አልነበረውም፤ ልጆቹን በመሰየም ግን ታሪኩን ጻፈ።

ታሪክን እንደ ማርና ወተት ብቻ እንዳናቀርበው፥ የሚመረውንም ጨምረን እንናገር። በክፉ ቀን ቤቱን ያቆመ ሁሉ በጽድቅ አላቆመም። ቀለብ ያጣ ወታደር የገበሬውን ጎታ ይገለብጥ ነበር፤ ወደ ደቡብ የዘመተውም ጦር ከብት እየነዳ ይመለስ ነበር። ስለዚህ አንዱ ገበሬ በሬ ያገኘው የሌላው በረት ባዶ ስለ ሆነ የነበረበት ስፍራ አለ። ከሌላው ቤት ሐዘን የተወሰደ ተስፋ ቂምን ያወርሳል። መቀናጆና ቅሚያ ሁለቱም በሬ ያስገኛሉ፤ የሚያስገኙት ጎረቤት ግን አንድ አይደለም።

ክፉ ቀን ካለፈ ከአራት ዓመት በኋላ፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን በዐድዋ ድል አደረጉ። ስለ ድሉ ስንናገር የምናስበው ጦሩን፥ ፈረሱን፥ አዋጊውን ነው። ነገር ግን ለዚያ ዘመቻ ስንቅ የሰጠው፥ ልጁንም የላከው፥ ከጥቂት ዓመት በፊት በዶማ ሲቈፍር የነበረው ቤት መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በሶውን የፈጨችው እናት፥ ዘሩን ያስቀረችው እናት ናት።

የደስታ በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል። ይህ ለሳይንስና ለመንግሥታት ኅብረት ታላቅ ክብር ነው። ረኃብ ግን በ1966ም፥ በ1977ም ዓ.ም. ተመልሶ አይተነዋል፤ ባየነውም ጊዜ ቤተ ሰብ በመንገድ ላይ ተለያይቷል። ስለዚህ የክፉ ቀን ትምህርት ለእኛ ባዕድ አይደለም። በሹመት ላይ ያለ ሰው ከዚህ የሚማረው፥ እርዳታ ገበሬው በሬውን ከመሸጡና ቤተ ሰቡን በትኖ ከመሰደዱ በፊት መድረስ እንዳለበት ነው፤ ከተለያዩ በኋላ የሚሰጥ እህል ሆድን ይሞላል እንጂ ቤትን መልሶ ለመሰብሰብ አይበቃም። መምህር የሆነ ደግሞ ተማሪዎቹን «የአያትህ ስም ስለ ምን እንዲህ ተባለ? ጠይቀህ ና» ብሎ ቢልካቸው፥ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ታሪክ ይዘው ይመለሳሉ። ተማሪውም ሲጠይቅ፥ አያቱ ከብዙ ዘመን ወዲህ ያልተናገሩትን ነገር ሲናገሩ ይሰማ ይሆናል።

ነጠላ በሬ አያርስም። አባቶቻችን ይህን ያወቁት ሌላው በሬ በሞተ ጊዜ ነው፤ እኛ ግን ሁለቱም በሬዎች በበረት ቆመው ሳሉ ልናውቀው እንችላለን። ጎረቤት የሚፈለገው በክፉ ቀን ነው፤ የሚገኘው ግን በደጉ ቀን ነው።